ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ሲሄዱ 17፣ ሲመለሱ 13

«ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» በአዲስ አበባ ይህን ያልጠየቀ ወይም ያልተጠየቀ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ልጃቸውን ለማረስ የሚሄዱ እናት ይጠይቃሉ። ለዓመት ፈቃዱ ወንድሙ ዘንድ ሊሰነብት ያሰበ ሠራተኛ ይጠይቃል። ሁለት ሕፃናት ይዛ ባሏ ጋ የምትሄድ ወጣትም ትጠይቃለች።

መልሱ ግን እንደ መላሹ ይለያያል። አንዱ «13 ሰዓት» ይላል። ሌላው «ኧረ 17 ነው!» ብሎ ይሞግታል። ሦስተኛው ትኬቱን አውጥቶ የመነሻውንና የመድረሻውን ሰዓት ይቀንስና «10 ሰዓት ብቻ ነው» ብሎ ያርፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልክ ናቸው፤ አንዱ የመመለሻውን፣ ሌላው የመሄጃውን ነው የተናገረው። ሦስተኛው ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሰዓት ልዩነት ረስቷል።

ጉዳዩ የቡና ላይ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናት መርፌያቸውን መቼ ይውጉ? ዳላስ ኤርፖርት የሚቀበላቸው ልጅ ስንት ሰዓት ላይ ይድረስ? ከ14 ቀን ፈቃድ ውስጥ ስንቱ በመንገድና በእንቅልፍ ያልቃል? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸው ሰዓቱን በትክክል ከማወቅ ይጀምራል። ስለዚህ ርቀቱን፣ ሰዓቱንና ሰውነታችንን በየተራ እንያቸው።

ርቀቱ ስንት ነው?

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው አጭሩ የአየር ርቀት ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። «አጭሩ» የምንለው ግን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረውን መስመር አይደለም። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች ጠፍጣፋው ካርታ ያታልላል። ልጆቻችሁ የሚማሩባት ሉል ቤት ውስጥ ካለች ክር ውሰዱና አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርጋችሁ ወጥሩት። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሄድና በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አልፎ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ውቅያኖስን ይሻገራል።

አውሮፕላኖች ግን ሁልጊዜ ክሩን ተከትለው አይበሩም። የአየር ክልል ይዘጋል፤ ለምሳሌ ሱዳን ጦርነት በተነሳበት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የአየር ክልሏ ለመንገደኛ በረራዎች ተዘግቷል። የአየር ጠባይም አቅጣጫ ያስቀይራል። አንዳንዴ ደግሞ ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ ማረፍ ግድ ይሆናል።

በካርታ ላይ ሲታይ በአየርላንዷ ዳብሊን በኩል ዞሮ መሄድ ትልቅ ጥምዝ ይመስላል። ሲሰላ ግን ከአዲስ አበባ ዳብሊን ወደ 6,365 ኪሎ ሜትር፣ ከዳብሊን ዋሽንግተን ደግሞ ወደ 5,465 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከአጭሩ መስመር የሚበልጡት በ270 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ እንደመሄድ ማለት ነው። በቶጎዋ ሎሜ በኩል ሲኬድ ግን ትርፉ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ታዲያ ሲሄዱ ለምን ይረዝማል?

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ያለማቋረጥ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል። የሚሄደው ግን መንገድ ላይ ለነዳጅ ስለሚያርፍ ከመነሻ እስከ መድረሻ ወደ 17 ሰዓት ይፈጃል። ትክክለኛው ሰዓት እንደ ወቅቱና እንደ መስመሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ ግን አይጠፋም። ምክንያቱም ሁለት ነው።

የመጀመሪያው የራሳችን ከተማ ከፍታ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አውሮፕላን ደግሞ የሚነሳው በአየር ነው፤ ክንፉን የሚያነሳውም፣ ሞተሩ የሚስበውም አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ሊሸከመው የሚችለው ክብደትም ይቀንሳል።

ክብደቱ የሚመጣው ከተሳፋሪውና ከሻንጣው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቦይንግ 787-8 ድሪምላይነር ታንኩ ሲሞላ ወደ 100 ቶን ነዳጅ ይይዛል። ለመነሳት የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት ደግሞ ወደ 228 ቶን ነው። ይህም ማለት ሙሉ ነዳጅ ብቻውን ከጠቅላላው ክብደት ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ከቦሌ ሲነሱ ሙሉ ተሳፋሪ፣ ሙሉ ሻንጣና እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ አንድ ላይ መጫን ስለሚከብድ፣ ነዳጁን ቀንሶ ተነስቶ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ሞልቶ መቀጠል ይመረጣል። ዳብሊንና ሎሜ በተለያዩ ጊዜያት ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ በረራዎቻችን ማረፊያ የሆኑት ለዚህ ነው፤ ሁለቱም የባሕር ዳርቻ ከተሞች ናቸው። ዳላስም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 95 ሜትር ላይ ብቻ ስለሚገኝ፣ ሲመለስ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጁን ተሸክሞ በቀጥታ ወደ ቤት ይመጣል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ ስለሚሠራው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወራ ከፍታው አብሮ የሚነሳውም በዚህ የተነሳ ነው። አካባቢው ከቦሌ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል፤ እያንዳንዱ መቶ ሜትር ደግሞ በነዳጅና በጭነት ይተረጎማል።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው

ከምድር ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት አካባቢ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የነፋስ ወንዝ አለ። ባለሙያዎች ጄት ስትሪም ይሉታል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ አውሮፕላን ይህን ነፋስ በፊቱ ይጋፈጠዋል፤ የሚመለሰው ግን ከኋላው ይገፋዋል። በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት በሰሜን አትላንቲክ ላይ ይበረታል።

የነፋሱን ጉልበት ለብቻው ለማየት ከፍታ ችግር የማይሆንባቸውን ሁለት ከተሞች መመልከት ይጠቅማል። ለንደንና ኒው ዮርክ በአትላንቲክ ግራና ቀኝ ያሉ፣ ወደ 5,540 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ከተሞች ናቸው። ከለንደን ወደ ኒው ዮርክ ብዙውን ጊዜ 8 ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ ሲመለስ ወደ 7 ሰዓት ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ኪያራ የተባለው ማዕበል አውሮፓን በመታበት ሌሊት አንድ የብሪትሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል። ሞተሩ ከወትሮው የተለየ ነገር አልሠራም፤ ነፋሱ ነው የገፋው።

በሞተር ጉልበት ይህን ፍጥነት የሚያልፍ የመንገደኞች አውሮፕላን የነበረው ኮንኮርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከኒው ዮርክ ለንደን በ2 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ገደማ በርሯል። ወጪው ከብዶት በ2003 ከአገልግሎት ወጣ። አልኮክና ብራውን የተባሉት አብራሪዎች እ.ኤ.አ. በ1919 ለመጀመሪያ ጊዜ ያለማቋረጥ አትላንቲክን ሲሻገሩ 16 ሰዓት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። የጄት አውሮፕላኖች በ1958 በመስመሩ ላይ ከገቡ ወዲህ ግን ፍጥነቱ ብዙም አልጨመረም። የዛሬዎቹም በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚበሩት። የተለወጠው ምቾቱ፣ የነዳጅ ቁጠባውና ሳያርፉ የሚሄዱበት ርቀት ነው።

ትኬቱን እንዴት እናንብበው?

በትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻ በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻውም በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። በዚያ ላይ አጻጻፉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልሰው ሌላ ግራ መጋባት ይጨመራል።

ዋሽንግተን ከመጋቢት መጀመሪያ ገደማ እስከ ጥቅምት መገባደጃ ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በቀሩት ወራት ደግሞ ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው፤ እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ እንጂ የእኛስ አይነቃነቅም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሐምሌ ወር ከአዲስ አበባ በ22:15፣ ማለትም ከምሽቱ 4፡15 ተነስቶ በማግስቱ በ08:15፣ ማለትም ከጠዋቱ 2፡15 ዋሽንግተን የሚደርስ በረራ አለ እንበል። በጥሬው ሲቀነስ 10 ሰዓት ይመስላል። የ7 ሰዓቱን ልዩነት ስንጨምርበት 17 ሰዓት ይሆናል። ሲመለስ ደግሞ ከዋሽንግተን በ11:00፣ ማለትም ከረፋዱ 5 ሰዓት ተነስቶ በማግስቱ በ07:00፣ ማለትም ከጠዋቱ 1 ሰዓት አዲስ አበባ ይገባል። በጥሬው 20 ሰዓት ነው፤ 7 ስንቀንስለት 13 ይሆናል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ልዩነቱን ደምሩ፣ ሲመለሱ ቀንሱ።

ይህ ግን የበረራው ሰዓት ብቻ ነው። ቦሌ ከመነሻው 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ ዳላስ ላይ የኢሚግሬሽን ሰልፍና ሻንጣ መጠበቅ፣ ከዚያም ወደ ልጅ ቤት መንዳት ሲደመር ከበር እስከ በር አንድ ሙሉ ቀን ይሞላል። የሚቀበለው ሰው የሚመጣበትን ሰዓት አውሮፕላኑ በሚያርፍበት ደቂቃ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ቢያስበው ለሁለቱም ወገን ይሻላል።

ርካሹ ትኬት በእርግጥ ርካሽ ነው?

እኛ በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ደጋግመን የምንማረው ነገር ቢኖር ደንበኛ ዋጋ የሚከፍለው በገንዘብ ብቻ አለመሆኑን ነው። ጊዜውንም፣ ድካሙንም ይከፍላል። በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል ትራንዚት የሚያደርግ ትኬት በ120 ዶላር ቀንሶ ሲመጣ ዓይን ይስባል። አጠቃላይ ጉዞው ግን ከ17 ወደ 29 ሰዓት ከፍ ካለ፣ የዋጋውን ልዩነት ለተጨማሪው ሰዓት አካፍሉት። 120ን ለ12 ስናካፍል በሰዓት 10 ዶላር ይመጣል። ለወጣት ተማሪ ይህ ጥሩ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው የ70 ዓመት እናት ግን በማያውቁት ኤርፖርት 12 ሰዓት መቀመጥን በ10 ዶላር ሒሳብ መሸጥ ነው።

ቪዛም አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ በሸንገን አገሮች ኤርፖርቶች ለማለፍ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ወገን ነው፤ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ያለው ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ይሆናል። ሌሎች አገሮች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት የምታልፉበትን አገር ደንብ ጠይቁ።

ሰውነት የሚቆጥረው ሌላ ሰዓት

ከሰዓቱ ሁሉ የሚከብደው የሰውነታችን ሰዓት ነው። ፈረንጆቹ ጄት ላግ የሚሉት፣ ሰውነታችን ገና በአገር ቤቱ ሰዓት እየተኛና እየተራበ የሚቆይበት ጊዜ ማለት ነው። በጥቅሉ ሲገመት ሰውነት ለእያንዳንዱ የሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል።

የሚገርመው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ አጭሩ በረራ የሚያደክመው ይበልጣል። የብዙ ሰው ውስጣዊ ሰዓት ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚረዝም ማምሸት ከመንቃት ይቀለዋል። ወደ ምዕራብ ስንሄድ ቀኑ ይረዝማል፤ ማምሸት ነው። ወደ ምሥራቅ ስንመለስ ቀኑ ያጥራል፤ ያለ ሰዓቱ መንቃት ነው። ስለዚህ በ13 ሰዓት ከዋሽንግተን የተመለሰ ሰው፣ በ17 ሰዓት ከሄደው ይልቅ ብዙ ቀን እንቅልፍ ሊያስቸግረው ይችላል። ሰኞ ማለዳ አርፎ ሰኞ ከሰዓት ስብሰባ መግባት የማይመከረው ለዚህ ነው። ፈቃድ ስትወስዱ ሲመለሱ ያለውን ሁለት ሦስት ቀን አብራችሁ ቁጠሩት። የቀን ብርሃን ከሁሉ የተሻለ መድኃኒት ነው፤ ጠዋት ወጣ ብሎ መራመድ፣ ከሰዓት በኋላም ረጅም እንቅልፍ አለመተኛት ይረዳል።

መልካም ዜናም አለ። እንደ ድሪምላይነርና ኤርባስ ኤ350 ባሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 ሜትር ከፍታ ጋር ይመጣጠናል፤ ከሐዋሳ ብዙም የማይርቅ ከፍታ ነው። የአዲስ አበባ ሰው አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ የሚተነፍሰው አየር ከሳሎኑ አየር ይልቅ ወፈር ይላል ማለት ነው። አየሩ ግን ደረቅ ስለሆነ ውኃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት አይረሳ።

እናትን ብቻቸውን ስንልክ

የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት ይኸ ነው። ቋንቋው የማይመቻቸው፣ አውሮፕላን ተሳፍረው የማያውቁ እናት ወይም አባት ብቻቸውን ሲሄዱ ሰዓቱን ከእኛ ይልቅ እነሱ ሊያውቁት ይገባል።

በመጀመሪያ መንገድ ላይ ማረፍ እንዳለ ንገሯቸው። አውሮፕላኑ ለነዳጅ ሲያርፍ «ደረስን» ብለው ቦርሳቸውን አንስተው የሚቆሙ ብዙ ናቸው። በእንዲህ ያለ ማረፊያ ብዙውን ጊዜ ወደ ዋሽንግተን የሚቀጥል ተሳፋሪ ከአውሮፕላኑ አይወርድም። «መጀመሪያ የሚያርፈው ለነዳጅ ነው፤ እማዬ፣ አንቺ የምትወርጂው ሁለተኛው ላይ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ድንጋጤ ታስቀራለች።

ሁለተኛ መድኃኒት። ሲሄዱ ቀናቸው ወደ 31 ሰዓት ይረዝማል፤ ሲመለሱ ወደ 17 ሰዓት ያጥራል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ መድኃኒት፣ በተለይ ኢንሱሊን፣ በዚህ ቀን እንዴት እንደሚወሰድ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸው ይንገራቸው፤ በወረቀትም ይጻፍላቸው። መድኃኒቱ ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

ሦስተኛ እግር። ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያጋልጣል። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ ከዚህ በፊት ደም የረጋባቸውና ነፍሰ ጡሮች የበለጠ ይጠንቀቁ፤ አስቀድመውም ሐኪም ያማክሩ። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ መነሳትና መራመድ፣ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚትን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል። የመተላለፊያ ዳር ወንበር ቢያዝላቸው ለመነሳት ሰው አያስቸግሩም።

አራተኛ ተሽከርካሪ ወንበር። የዊልቼር አገልግሎት ለማይራመድ ሰው ብቻ አይደለም። ረጅም መንገድ የሚያደክማቸው አረጋውያን ትኬት ሲቆረጥ ቢጠየቅላቸው ከቦሌ በር እስከ አውሮፕላኑ፣ ዳላስም ላይ እስከ መውጫው የሚያደርሳቸው ሰው ያገኛሉ። «አልታመምኩም እኮ» ብለው እንቢ ካሉ፣ መንገድ መሪ ነው ብላችሁ አስረዷቸው።

ከሕፃናት ጋር

ሕፃን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ የሕፃን አልጋ የሚገጠምበትን የፊት ወንበር ቀደም ብላችሁ አስይዙ፤ ቁጥሩ ጥቂት ነው። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲወርድ ማጥባት ወይም ጡጦ መስጠት የጆሮ ሕመሙን ያቀልላቸዋል። መንገድ ላይ የሚያርፍ በረራ ከሆነ መውረዱ ሁለት ጊዜ መሆኑን አትርሱ፤ ጡጦውም ለሁለት ጊዜ ይዘጋጅ። ዳይፐርና ቅያሪ ልብስ ለ17 ሰዓት ሳይሆን ለ24 ሰዓት አስቡ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ደግሞ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ36 ሳምንት በኋላ እንደማያሳፍሩ፣ ከዚያ በፊትም የሐኪም ወረቀት እንደሚጠይቁ አውቃችሁ ቀኑን ቁረጡ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ «ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?» ስትባሉ «ለማን? መሄጃው ነው መመለሻው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለወጣቱ 17 እና 13 ነው። ለእናታችን ደግሞ ከበር እስከ በር አንድ ቀን፣ የመድኃኒቱ ወረቀት፣ የመተላለፊያ ዳር ወንበርና «ሁለተኛው ላይ ነው የምትወርጂው» የሚል ምክር ነው።

መልካም ጉዞ!